የታብ ማሟያ ቴስት ምኑን ይፈትሽ? ላልከው ወንድሜ

አብሽር፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። "ባሽ (ኮማንድ እየጻፍን ኮምፒውተሩን የምናዝበት ፕሮግራም) ላይ ታብ ሲነካ ኮማንድ የሚያሟላ ስክሪፕት ጽፌያለሁ፤ አውቶማቲክ ቴስቱ ምን ምን ይፈትሽ?" ብለሃል። ያየሁትን ጀባ ልበልህ።

1. ታብ ሲነካ የሚወጣውን የአማራጮች ዝርዝር ቃል በቃል አታወዳድር። መኖር ያለበት ካለ፣ መኖር የሌለበት ከሌለ በቃ። አለዚያ አንድ ኦፕሽን በጨመርክ ቁጥር ቴስቱ ይወድቃል፤ ውሎ አድሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

2. የኮማንዱን ቃላት በእጅህ ከፋፍለህ ለማሟያ ፈንክሽኑ እየሰጠህ ብቻ አትፈትን። እኔ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ላለ አንድ መጋዘን የዕቃ ኮድ በታብ የሚያሟላ መመዝገቢያ ሠራሁ። የዕቃው ኮድ "ደሴ:01" ዓይነት ነው። በቴስቴ ኮዱን እንደ አንድ ቃል አድርጌ ሰጠሁት፤ ሠላሳውም ቴስት አለፈ። ባሽ ግን ኮሎን ሲያይ ቃሉን ይቆርጣል። ለሱ "ደሴ"፣ ":" እና "01" ሦስት ቃል ናቸው። ጸሐፊዋ "ደሴ:" ብላ ታብ ስትነካ "ደሴ:ደሴ:01" ሆኖ ቁጭ! ፕሮግራሙ ደግሞ የማያውቀውን ኮድ አዲስ ዕቃ ብሎ ይመዘግባል። (እሱስ የራሴው ጥፋት ነው።)

የቆጠራ ቀን ኃላፊው ደወለ። "አንተ ልጅ፣ ዕቃችንን አራባኸው እኮ!" ቢሮው ስሄድ ቁጭ በል እንኳን አላለኝም። ቀሪ ክፍያዬን ሁለት ወር አንጠልጥሎ፣ በየሳምንቱ ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ እያስወረደ "ነገ ና" ይለኛል። የትራንስፖርቱን ማን ይክፈል?

ስለዚህ ጥቂቱ ቴስት እውነተኛ ባሽ ይክፈት። በፔክስፔክት (በሰው ፈንታ ተርሚናል ላይ የሚጽፍና መልሱን የሚያነብ የፓይተን መሣሪያ) ፊደሉን ጻፍ፣ ታብ ላክ፣ መስመሩ ላይ የቀረውን አንብብ። ለብዙ ኮማንዶች የታብ ማሟያ የሚያዘጋጀው የባሽ ኮምፕሊሽን ፕሮጀክት ራሱ በፓይቴስት (የፓይተን ቴስት ማስኬጃ) እና በፔክስፔክት ነው የሚፈትነው። በመሀሉ ክፍት ቦታ ያለው የፋይል ስምም አትርሳ።

3. ዝምታውንም ፈትን። ኔትወርክ ሲጠፋ (እኛ ጋ መቼ ነው የማይጠፋው?) ታብ የስህተት መልእክት በሰው ጽሑፍ መሀል እንዳይተፋ፣ ተርሚናሉንም ይዞ እንዳይቀር። ከታብ በፊትና በኋላ ያሉትን ቫሪያብሎች አወዳድር። "ሎካል" (ከፈንክሽኑ እንዳይወጣ) ማለት የረሳኸው ቫሪያብል ሁሉ እዚያ ይጋለጣል።

"ደሴ:" የሚለው ቴስት እስከ ዛሬ ከፋይሌ አናት ላይ ነው። የሚያናድደኝ ግን፣ የኮሎኑን ድግግሞሽ የሚቆርጥ ረዳት ፈንክሽን እዚያው ባሽ ኮምፕሊሽን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ የራሴን ስጽፍ ሦስት ሌሊት አድሬበታለሁ።