ልጄ ውሃ ሳይጠጣ ነው የሚመለሰው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፣ አምስተኛ ክፍል ነው። ሲናገር ይንተባተባል። ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ቤት ሲገባ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ በቀጥታ ወደ ጀሪካኑ ይሄድና ቆሞ ሦስት ኩባያ ውሃ ይጠጣል። ሙቀቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቱ ነገረችኝ። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ሲሰለፍ ሦስት ልጆች ከሰልፉ እየጎተቱ ያወጡታል። «ኔትወርክ መጣ! ስምህን ሳትቆራርጥ ከተናገርክ ትጠጣለህ» ይሉታል። ሃይላንድ ይዞ ከሄደም ቀምተው ያፈሱበታል። እሱ ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው። አባቱ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ መልሰህ ምታ» ይለዋል። እኔ ደግሞ በር ላይ ጠብቄ ልጆቹን ልክ ላስገባቸው አስቤያለሁ። ወይስ ትምህርት ቤት ልቀይረው? አንጀቴ አርሯል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱ ኩባያ ውሃ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በድሬ ፀሐይ ልጅን ውሃ መከልከል የልጆች ጨዋታ አይባልም፣ ማንም እንደዚያ ብሎ እንዲያባብልሽ አትፍቀጂ።

በር ላይ ግን አትሂጂ። የልጆቹ እናቶች ይወጣሉ፣ ነገሩ የጎረቤት ጠብ ይሆናል፣ በማግስቱ አንቺ በሌለሽበት ዋጋውን የሚከፍለው ልጅሽ ነው። ደግሞ እስካሁን እሱ ራሱ አልነገረሽም። ትምህርት ቤት ይገፉታል፣ ቤት አባቱ ምታ ይለዋል፣ አንቺ በር ላይ ልትቆሚ ነው፤ ከሁላችንም መሃል «አንተ ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከዚህ ጀምሪ።

ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አታፋጥጪው። ዳቦ ልትገዙ ስትሄዱ ወይም ልብስ ስታጣጥፉ «ከትምህርት ቤት ስትመጣ በጣም ይጠማሃል፣ ቧንቧው ጋ ምን ይሆናል?» በይውና ዝም በይ። መንተባተቡ ይብሳል፣ ይበስ። ቃሉን አትጨርሺለት፣ «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አትበይው፣ ለአንቺ ቀላል ምክር ይመስላል እንጂ ለሱ ሌላ ጥድፊያ ነው። መንተባተብ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ላይ ያለ ነገር ነው፣ በዘርም ይመጣል፣ ከአእምሮ ማነስ ጋር አይገናኝም። ይህን እሱም ይስማው። ሲጨርስ «አምንሃለሁ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በይው። ለማንም አልናገርም ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። ለማን እንደምትነግሪ አብራችሁ ወስኑ።

ሆዱን ደግሞ ሰበብ ነው አትበይ። ፍርሃት እውነተኛ የሆድ ሕመም ያመጣል። ሌሊት እየባነነ መተኛት ካቃተው ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

አባቱ የሚናገረው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሦስት ለአንድ ነው። ቢመታ ደግሞ ቢሮ ተጠርቶ «ወላጅ አምጣ» የሚባለው እሱ ይሆናል። አባቱ ለተወሰኑ ቀናት ጠዋት አብሮት ይሂድ፣ መንገድ ላይ ያውራው፣ ለልጁ ከቡጢ ትምህርት ይልቅ ይሄ ይጠቅመዋል።

ከዚያ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋ ሂዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በደብተር ጽፈሽ ያዢ። «ልጄን ያስቸግሩታል» ካልሽ ይረሳል፣ «ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ» ካልሽ ግን አይረሳም። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ አንድ መምህር እንዲቆም ጠይቂ። ልጆቹ ለየብቻ ይጠሩ፣ ከልጅሽ ጋር አሰልፈው «ይቅር ተባባሉ» እንዳያሰኟቸው። እኩል ተጣልተው አይደለምና እሱ ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ግረፉልኝም አትበይ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፣ እነዚያም ሕፃናት ናቸው፣ ተገርፈው የወጡ ልጆች ደግሞ ንዴታቸውን የሚወጡት ልጅሽ ላይ ነው።

«ቅጽል ስም ነው፣ ድሬ ላይ ያልወጣለት ማን አለ?» ሊሉሽ ይችላሉ። እውነት ነው፣ እዚህ ስም ማውጣት እንወዳለን፣ ባለስሙም አብሮ ይስቃል፣ እኔም ይሄን ጨዋታችንን እወደዋለሁ። ባለስሙ ካልሳቀ ግን ስድብ ነው፣ ይህንኑ ንገሪያቸው።

በሁለት በሦስት ሳምንት ለውጥ ካላየሽ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አስገቢ፣ ኮፒው አንቺ ጋ ይቅር፣ ለወላጅና መምህራን ኅብረቱም አሳውቂ። ያም ካልሠራ ትምህርት ቢሮ አለ። መቀየሩ የመጨረሻው ነው፣ እሱንም ልጁ ከፈለገ። ስላባረሩት ብቻ የሚያውቃቸውን ጓደኞቹን ጥሎ መሄድ የለበትም።

ለነገ ግን ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ ስጪው። አንዱ ቦርሳው ውስጥ ይሁን፣ ሌላውን መምህሩ ቢሮ እንዲያስቀምጥለት ለምኚ። በእረፍት ሰዓት ገብቶ ይጠጣል፣ ማንም ስምህን ጥራ አይለውም።