ለእኛ የዘፈነው ዘፈን ሲዲው ላይ ለምን የለም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ውጭ ሲሄድ ትቶልኝ ከሄደው ዕቃ ውስጥ የካናዳዊውን ዘፋኝ የብራያን አዳምስን «ሶ ፋር ሶ ጉድ» ሲዲ አገኘሁ። 14 ዘፈን አለው። ወንድሜ «ይሄ ሰውዬ በ77ቱ ድርቅ ለእኛ ዘፍኗል» ይል ነበር። ያ ዘፈን ግን የለበትም። ወንድሜ አጋኖ ነው ወይስ ሲዲው ጎደሎ ነው? ከዚህ ቀጥዬስ ምን ልስማ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድምህ አላጋነነም። ሲዲውም ጎደሎ አይደለም።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውጋህ። ይሄን አልበም የሰማሁት በካሴት ነው። ባለ 60 ባዶ ካሴት ይዤ አንድ ሙዚቃ ቤት አስቀዳሁ። ሰባቱ ዘፈን ሳይድ ኤ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። የቀሩት ሰባቱ ግን 34 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ሳይድ ቢ ያለው 30 ነው። ስለዚህ የመጨረሻው «ፕሊዝ ፎርጊቭ ሚ» ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ቋ ብሎ ይቆማል። ሰውየው ይቅርታውን ለምኖ ሳይጨርስ! ቀጂውን ብጠይቀው «ካሴቱ ነው ያለቀው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ለዓመታት ዘፈኑ እዚያ ጋ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ማጥመጃው እሱ መሆኑ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አዲሱ ዘፈን እሱ ብቻ ነበር። አሥራ ሦስቱን በየአልበሙ የገዛ ሰው ለአንድ ዘፈን ሲል እንደገና ኪሱን ይፈታል። የምርጦች ስብስብ ንግዱ እንዲህ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የምትፈልገው ዘፈን «ቲርስ አር ኖት ኢነፍ» ይባላል፤ እንባ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ብራያን አዳምስ ከዘፈን ጽሑፍ አጋሩ ከጂም ቫላንስና ከዴቪድ ፎስተር ጋር ጻፈው። ቶሮንቶ ውስጥ የተቀዳው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 3 ቀን 1977 ነው። የካናዳ ዘፋኞቹ ኒል ያንግ፣ ጆኒ ሚቸል፣ ጎርደን ላይትፉት፣ አን መሪ ሁሉም ነበሩ። ካናዳ ነውና መሀል ላይ ፈረንሳይኛም ገብቶበታል። ዘፈኑ የወጣው «ኖርዘርን ላይትስ» በሚል የቡድን ስም ነው፤ አዳምስ ከብዙዎቹ አንዱ ድምፅ ነው። የአንተ ሲዲ ደግሞ ከራሱ አልበሞች የተለቀመ ነው። ቲና ተርነር የገባችውም አብራው የዘፈነችው «ኢትስ ኦንሊ ላቭ» የእሱ አልበም ላይ ስላለ ነው።

የት ታገኘዋለህ? አሜሪካኖቹ ያወጡት «ዊ አር ዘ ወርልድ» አልበም ላይ አለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምቶ ያጠፋዋል፤ አንተ ቀጥል። አዳምስ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለድርቁ እርዳታ ፊላደልፊያ በተደረገው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም ዘፍኗል።

ከዚህ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. የ1984ቱን «ሬክለስ» አልበም ስማ። አሥር ዘፈን አለው፤ ስድስቱ ያንተ ሲዲ ላይ ናቸው። «ሰመር ኦፍ 69»፣ «ሄቨን»፣ «ራን ቱ ዩ» ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ምርጦች ይበሉት እንጂ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የአንድ አልበም ነው። ከ1987ቱ «ኢንቱ ዘ ፋየር» የመጣው አንድ ብቻ፣ ከ1980 እና ከ1981ዱ አልበሞች ደግሞ ምንም። ሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ያለውን ረጅሙን የፍቅር ዘፈን፣ ሲዲህ ላይ ያለውን «ኤቭሪቲንግ አይ ዱ»ን፣ እንግሊዞች በ1991 ለ16 ሳምንት አንደኛ አድርገውታል። እኔ አሁን አሁን ሲመጣ እዘለዋለሁ፤ በየሠርጉ ሰልችቶኛል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። «ሬክለስ» የሚጀምረው «ዋን ናይት ላቭ አፌር» በሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ 13ኛ ደርሶ ነበር፤ ከስብስቡ ግን አስቀርተውታል። እኔ ብሆን «ኪድስ ዋና ሮክ»ን አውጥቼ እሱን አስገባ ነበር። አንተ ከእሱ ጀምር።