ወንድ ልጅ ወጥ ቢሠራ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ምግብ መሥራት ይወዳል። ሽርጥ አሥሮ ወጥ ሲሠራ ተቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። «ሴታሴት» የሚል የስድብ መዓት ወረደበት። አንዱ «ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ» የሚለውን ዘዳግም 22፥5ን ጠቀሰበት። ሌሎች ደግሞ «ወንድና ሴት የሚባል ነገር ድሮ ቀረ» እያሉ ተከራከሩለት። እናታችን ደንግጣ ማድ ቤት እንዳይገባ ከልክላዋለች። ቪዲዮውን ያጥፋው? እኛስ ከየትኛው ወገን እንቁም?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ ታውቂያለሽ፤ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። እዚያ ላይ አልቆይም። እዚህ ደሴ ስንቴ የገጠመኝ ስሕተት ሌላ ነው። ሰው የሰፈሩን ልማድ ያነሣና «እግዚአብሔር ያዘዘው ነው» ይላል።

ወጥ የሴት ሥራ ነው ያለው ማነው? ያዕቆብ ለዔሳው እንጀራና የምስር ወጥ ሰጠው (ዘፍ. 25፥34)። ወጡን የሠራው ራሱ ነው። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ፍም ላይ ዓሣ አሰናድቶ «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ብሏቸዋል (ዮሐ. 21፥12)። ደግሞስ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለው ቤተልሔም ገብቶ ለቍርባን የሚሆነውን ኅብስት የሚያቦካው፣ የሚጋግረው ማነው? ወንዶቹ ካህናትና ዲያቆናት አይደሉም? ቆርቦ የወጣ ሰው በወንድምሽ ሽርጥ ሲስቅ ይገርመኛል።

ዘዳግምን የጠቀሰው ልጅ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረድ። ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያሸረጠ አባወራ ያገኛል። ደፍሮ «የሴት ልብስ ለብሰሃል» ይበለው እስቲ! እኔስ ቀሚስ ለብሼ አይደል የማስተምራችሁ? አንቺም ሱሪ ለብሰሽ ማሽን ላይ ስትቀመጪ ማንም ጥቅስ አላወጣብሽም። ልብሱን የወንድና የሴት የሚያሰኘው የአገር ልማድ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ማንነትን ሸሽጎ ማታለልን፣ ለዝሙት በር መክፈትን ነው።

የቅዱሳን ታሪክ በተጻፈበት በስንክሳር፣ በነሐሴ ወር የሚነበበውን የቅድስት እንባ መሪናን ታሪክ አስቢ። አባቷ ሲመንኩስ፣ ለክፋት ሳይሆን ለምንኩስና ብላ የወንድ ልብስ ለብሳ አብራው ገዳም ገባች። በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አረገዘችና «ከዚያ መነኩሴ ነው» አለች። መሪና «ሴት ነኝ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም አለች። ከገዳም አስወጧት፤ የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላ አሳደገች። እውነቱ የታወቀው ዐርፋ ሲገንዟት ነው። ከሳሾቿ ግን ሁሉም እርግጠኞች ነበሩ። ያኔ ቲክቶክ ቢኖር ኮሜንቱን አስቢው!

ከየትኛው ወገን እንቁም ላልሽው፣ ከሁለቱም አትቁሙ። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው። ሽርጥ ያሠረ ወንድ ሲያዩ አንዱ «ወንድነቱ ጎደለ» ይላል፣ ሌላው «ወንድነት ቀረ» ይላል። ልጁ የሠራው ወጥ ነው! ወንድሙን የሚሳደብ ፍርድ እንደሚጠብቀው ማቴዎስ 5፥22 ላይ ተጽፏል። ስድብ ጥቅስ ስለተለጠፈበት አይቀደስም። ይህን ለሚሳደቡት በግልጽ ንገሪልኝ።

ከገዛ አካሉ ጋር ተጣልቶ የምር የሚጨነቅ ወጣትም ይኖራል። እሱ የሚያስፈልገው የሚሰማው የንስሐ አባት ነው፤ ሐኪም ካስፈለገም ሐኪም። የተጨነቁ ልጆች እኔ ጋ ሲመጡ አስቀድመው የሚያወሩኝ ቤታቸው ውስጥ የተባሉትን ነው። አባት በእንግዳ ፊት ያለው፣ አክስት እየሳቀች የወረወረችው ቃል። ከዚያ በኋላ ትምህርቴን ለመስማት ጆሮ አይተርፋቸውም።

ይህን ለእናትሽ አንብቢላት። ማድ ቤቱንም ትክፈትለት። ቪዲዮው አይጥፋ። ዓርብ ዕለት የለጠፈው ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን እኔ ጋ ይምጣ፤ በዚያ ላይ የምንነጋገረው አለን።