መልስ፦ ክብደት ሳይቀንስ ስኳር ለምን ወረደ?

እህቴ፣ እናትሽ ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና ሳምንታቸው ነው፤ «ክብደታቸው ሳይቀንስ ስኳራቸው እንዴት ወረደ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዓይነት 2 ስኳር የሚጠበቅ ነው። በዚህ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከወጣው ክፍል ነው። ምግብ ቶሎ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ጂኤልፒ-1 የሚባል ሌላ ሆርሞን ይጨምርና ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። የሚበሉት ማነሱም አለ።

እኔን ያሳሰበኝ መድኃኒታቸው ነው። ኢንሱሊን በድሮው መጠን እየወሰዱ ከሆነ ስኳራቸው ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ በላብ ከተጠመቁ ቶሎ ለኪላቸው፤ ከወረደ ስኳር ያለው ነገር ቀስ እያሉ ይጠጡ። ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ደውዪ። መጠኑን በራሳችሁ እንዳትነካኩት፣ አደራ።