ከጆሮ ሥር የወጣው እብጠት

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመታቸው ነው። ከግራ ጆሯቸው ሥር ሽንብራ የምታህል እብጠት ከወጣችባቸው 6 ዓመት ሆኗል። ስለማታማቸው «ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል» እየተባለ ቆየ። ካለፈው መስቀል ወዲህ ግን እብጠቱ አድጎ ያማቸው ጀመር፤ የግራ ከንፈራቸው ጫፍ ወደ ታች ወረደ፣ ሲተኙም የግራ ዓይናቸው ገርበብ እንዳለ ያድራል። ነፋስ መቷቸው ነው ብለን ጠበል ወሰድናቸው። በኋላ ሆስፒታል በመርፌ ናሙና ተወስዶ «አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ» የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም ጨረር ያስፈልጋቸዋል ቢሉንም ዘመዶቻችን «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» እያሉ አስፈሩን። ምን ይመክሩናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ራስዎን አይውቀሱ። ከጆሮ ፊትና ሥር በሚገኘው ትልቁ የምራቅ ዕጢ ላይ ከሚወጡ እብጠቶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ካንሰር ስላልሆኑ፣ የማታም ትንሽ እብጠት ችላ መባሏ በብዙ ቤት የሚሆን ነው። የምራቅ ዕጢ ካንሰር እምብዛም የማይገጥም ሲሆን፣ ከ20 በላይ ዓይነቶች ያሉትና አንዱ ከሌላው በጠባይ እጅግ የሚለይ ስለሆነ፣ በውጤቱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ሙሉ ስም ሕክምናውን ይወስናል። ወረቀቱን በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

የእናትዎ ዓይነት ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ነርቭን እንደ መንገድ እየተከተለ የሚጓዝ ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከጆሮ ኋላ ከራስ ቅል ወጥቶ በዚያው የምራቅ ዕጢ ውስጥ እንደ እጅ ጣቶች ይከፋፈላል፤ አንዱ ዘለላ ዓይንን ይከድናል፣ ሌላው የከንፈርን ጫፍ ያነሳል። ስለዚህ እብጠት ባለበት ጎን ፊት ሲጣመም ነፋስ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ካንሰሩ ነርቩን እንደነካው የሚጠቁም ምልክት ነውና። ጠበሉን መተው አያስፈልግም፣ ሕክምናው ግን በእሱ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ መዘግየት የለበትም።

ቢላ ካንሰርን ያሰራጫል የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ሲያሳጣን አይቻለሁና በግልጽ ልናገር፦ በአግባቡ የተሠራ ቀዶ ሕክምና ይህን ካንሰር አያሰራጭም፤ እንዲያውም ዋናው ሕክምናው እሱ ነው። ወሬው የሚጸናው ብዙ ሕመምተኞች ዘግይተው ስለሚደርሱ፣ አንዳንዴም ናሙና ሳይመረመር እብጠቱ ብቻ ተፈልፍሎ ሲወጣ ቅሪቱ መልሶ ስለሚያድግ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን የአንገትና የራስ ቀዶ ሕክምና ልምድ ያለው ሐኪም፣ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ካየ በኋላ ቢሠራው እመርጣለሁ።

ሐኪሙ ጤነኛውን የነርቭ ዘለላ ሁሉ ለማትረፍ ይጥራል። በካንሰሩ የተወረረው ዘለላ ግን አብሮ መውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከእግር ወይም ከአንገት በተወሰደ ነርቭ መተካት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከወራት በኋላ የተወሰነ እንቅስቃሴ የሚመለስላቸው አሉ።

ጨረሩ የሚሰጠው በዓይን የማይታየውን፣ በነርቭ ዳር የቀረውን ለማጥፋት ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ገደማ ይዘልቃል፤ ከደሴ ወጥተው ቢታከሙ የማረፊያ ነገር ከአሁኑ ይታሰብበት። ከመጀመሩ በፊት ጥርሳቸው ይታይ፣ የተበላሸ ካለ ይነቀል፤ ጨረር ያገኘው መንጋጋ ከጥርስ ነቀላ በኋላ በቀላሉ አይድንም። አፋቸው ሊደርቅ ስለሚችል ውኃ አይለያቸው። መደበኛው ኬሞቴራፒ በዚህ ዓይነት ላይ ብዙም ስለማይሠራ፣ ካልታዘዘላቸው ተስፋ ተቆርጦባቸው ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ይህ ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ፣ ከሁሉ ይልቅ በሳንባ፣ ብቅ ሊል ስለሚችል ክትትሉ 5 ዓመት ሲሞላ አይቋረጥም። ሳንባ ደርሶም ቀስ እያለ ስለሚያድግ ለዓመታት ሥራቸውን እየሠሩ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ብሌኑም ሊቆስል ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ቀን ቀን ዓይን የሚያርስ ጠብታ፣ ሲተኙ ደግሞ የዓይን ቅባት ያድርጉላቸው፤ ከዚያም የላይኛውን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ስበው በስስ ፕላስተር ይለጥፉላቸው። ዓይናቸው ከቀላ ወይም ካመማቸው በዚያው ቀን ለዓይን ሐኪም ያሳዩአቸው።