መልስ፦ ሪዝ ያለውና ሪዝ የሌለው «መንታ» ያለበት የታሚል ፊልም

ሪዝ ያለውና ሪዝ የሌለው መንታ ወንድማማቾች ያሉበት ብለህ የጠየቅኸው የታሚል (የደቡብ ሕንድ ቋንቋ) ፊልም «ቲሉ ሙሉ» ይባላል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በኬ. ባላቻንደር አዘጋጅነት የተሠራ ነው። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው የሂንዲው ፊልም «ጎል ማል» በታሚል ዳግም ሲሠራ ነው የተወለደው። ስለዚህ «በሂንዲ ያየሁት መሰለኝ» ማለትህ ትክክል ነው።

«ወንድማማቾቹ እውነት ሁለት ናቸው?» ላልኸው፣ አይደሉም፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፣ የሚሠራውም ተዋናዩ ራጂኒካንት ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ቻንድራን የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት አለቃ ሪዝ የሌለው ወንድ አይታመንም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ቻንድራን ዋሽቶ ከሥራ ቀርቶ ኳስ ሜዳ ሲታይ፣ «ያየኸው እኔን ሳይሆን መንታ ወንድሜን ነው» ይላል። ከዚያማ ማቆሚያ የለውም፤ ቢሮ ሲገባ ሪዝ ይለጥፋል፣ ወንድሙን ሲሆን ያነሳዋል። አንዲት ውሸት ሌላ ውሸት እየወለደች ሐሰተኛ እናት እስከ ማቅረብ ያደርሰዋል። (እናቲቱን የምትሠራው ሳውካር ጃናኪ ናት፤ እኔን ያሳቀችኝ ከሁሉም በላይ እርሷ ናት።)

ለእኔ ፊልሙን ጣፋጭ የሚያደርገው የፍቅሩ ነገር ነው። የአለቃው ልጅ ሪዝ የሌለውን ትወዳለች፤ አባቷ ደግሞ ባለ ሪዙን ለልጁ ይመኛል። ቻንድራን የገዛ ራሱ ተቀናቃኝ ሆኖ ቁጭ ይላል! ራጂኒካንትን በድብድብ ፊልም ብቻ የምታውቀው ከሆነ ደግሞ ትገረማለህ፤ እዚህ ጡንቻው ሳይሆን ምላሱ ነው የሚሠራው። መጨረሻው አካባቢ ሌላው ታዋቂ የታሚል ተዋናይ ካማል ሃሳን ብቅ ስለሚል ቶሎ አታጥፋው።