ታንኩ የኩባንያው ነው፤ ጅረቱን የማጽዳት ግዴታው የማን ነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ፣ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርድ ጅረት አጠገብ የነዳጅ ማደያ ተከራይቼ እሠራለሁ። ቦታውም ከመሬት በታች የተቀበሩት ታንኮችም የነዳጅ ኩባንያው ንብረት ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ነዋሪዎች ጅረቱ ቤንዚን ይሸታል ብለው ለወረዳው አመለከቱ። ሠራተኞቼ ግቢውንና ቦዩን በውኃና በሳሙና አጥበው አጸዱ፤ የተበከለውንም አፈር አስነሣሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የቤንዚን ጉድለት ይታይ ስለነበር ከሁለት ቀጂዎች ደመወዝ ላይ ቆርጬ ነበር፤ አሁን ግን ታንኩ እንደሚያፈስ ታውቋል። ታንኩ የእኔ ስላልሆነ አጽዳ የሚለውን ትእዛዝ አልቀበልም ማለት እችላለሁ? ነዋሪዎችም በሽማግሌ እንጨርስ ብለው የስምምነት ወረቀት አምጥተዋል፤ ልፈርም?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ አይችሉም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 3 የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመክፈል ግዴታ የሚጥለው ብክለቱን ባደረሰው ሰው ላይ ነው፤ የታንኩ ባለቤትነት ማረጋገጫ በማን ስም ነው ብሎ አይጀምርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 ደግሞ ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በማከማቸት ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ቤንዚን ከዚህ ውጭ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል፤ የንግድ ፈቃድ አለኝ ማለትም አያድንም። ከኩባንያው ጋር ያለው ክርክር በእናንተ መካከል የሚቀር ሌላ ጉዳይ ነው። ታንኩን የመጠገንና የማስመርመር ግዴታው በኪራይ ውሉ የኩባንያው ከሆነ ያወጡትን ወጪ የማስመለስ መብት ይኖርዎታል፤ ይሁን እንጂ ውሉን ሳላይ ይህን በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም። ውሉን ከነአባሪዎቹ ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በጥያቄዎ መካከል እንደ ዋዛ ያለፉት ዐረፍተ ነገር ነው። ከቀጂዎች ደመወዝ ላይ ለጉድለት ቆርጠዋል ማለት ቤንዚኑ እየጎደለ መሆኑን ከብዙ ወራት በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ቀንና የገንዘብ መጠን ተጽፏል፤ የኩባንያው ጠበቃም ሆነ ዐቃቤ ሕጉ ይህን ሰነድ ባገኙ ጊዜ የሚጠይቁዎት «ጉድለቱን ካወቁ በኋላ ታንኩን ለምን አላስመረመሩም?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልጻፉልኝም። ማደያው በየዕለቱ በመለኪያ ዘንግ የሚወስደው ልኬት ከሽያጩና ከርክክብ ሰነዱ ጋር ተመሳክሮ እንደነበርም አልነገሩኝም። ቆረጣው ራሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 የተከለከለ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም። ወንድሜ፣ እነዚያ ሁለት ሠራተኞች ያልወሰዱትን ቤንዚን ከፍለዋል፤ ገንዘባቸውን በሰነድ አስፈርመው ይመልሱላቸው። ለዚህ የማንንም ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

አሁን ደንበኞች ደጋግመው ወደሚወድቁበት ወጥመድ ልምጣ፤ እርሱም ሳያሳውቁ በራስ ማጽዳት ነው። ያደረጉት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል፤ በዚያ ሁኔታ እያለ ፍሰቱን በአፈር ግድብ አግዶ፣ ውኃው ብቻ ከግድቡ ሥር በተቀበረ ቱቦ እንዲያልፍ አድርጎ፣ ላዩ ላይ የቀረውን ቤንዚን በሚመጥ ነገር መሰብሰብ ይቻላል። ሳሙና ሲገባበት ግን ይበታተንና ከውኃው ጋር ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ የሚሰበሰብ ነገር አይቀርም፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካልም ከውኃው ጋር አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። በሕግ ዐይን ሲታይ ደግሞ የታንኩ መፍሰስ ለኩባንያው ሊተርፍ የሚችል ጉዳይ ነበር፤ በሲሚንቶው ላይ የነበረውን ነዳጅ አጥቦ ወደ ቦዩና ወደ ጅረቱ መልቀቅ ግን የእርስዎ የራስዎ አዲስ ድርጊት ነው።

አፈሩስ የት ደረሰ? «አስነሣሁ» ብለው አልፈዋል። በሲኖትራክ ተጭኖ የሆነ ገደል ውስጥ ወይም ግንባታ ላይ ተደፍቶ ከሆነ ብክለቱን ወደ ሁለተኛ ቦታ አዛውረዋል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 520ም አደገኛ ቆሻሻን ከሕግ ውጭ ማስተናገድን ያስቀጣል። ከዚህም በላይ ያ አፈር ምስክርዎ ነበር። ቤንዚኑ ምን ያህል ጥልቀት እንደወረደና ፍሳሹ የቆየ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ ከአፈሩ ናሙና ሊረዳ ይችላል፤ ፍሳሹ እርስዎ ማደያውን ከመረከብዎ በፊት የጀመረ ቢሆን ኖሮ በኩባንያው ላይ የሚኖርዎት ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ እርሱ ነበር።

ሰዎች ዝም የሚሉት ማሳወቅ ጥፋትን ማመን ስለሚመስላቸው ነው። አይደለም። የማሳወቂያ ደብዳቤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታንኩን ልኬትና የተወሰደውን እርምጃ ይገልጻል እንጂ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም። እሳት እንዳይነሣ መጠንቀቅ፣ ፓምፑን ማቆምና ቦዩን በአሸዋ መዝጋት ማንንም ሳይጠብቁ በዚያው ቅጽበት የሚደረጉ ናቸው፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በቦይና በዝቅተኛ ቤቶች ውስጥ ይተኛል፤ አንድ የክብሪት እሳት ይበቃዋል። ሌላው ማጽዳት ሁሉ ግን ከማሳወቅ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ሳይዘገዩ ለአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ለኩባንያውና ለመድን ሰጪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በየግልባጩም ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የመድን ውል የሚሰጠው የማሳወቂያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ምናልባት አልፎብዎት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ይጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ የታጠበውንም የተነሣውንም አፈር ከነመድረሻው ይግለጹ፤ ነገር ግን ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያንብበው። የአዋጁ ተቆጣጣሪዎች ገብተው ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አላቸው፤ ከእነርሱ መረጃ መደበቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቀሪው አፈርና ውኃ ሲመረመር የኩባንያው ተወካይ እንዲገኝ በደብዳቤ ይጥሩ። ሽታው ጠፋ ብለው ጉዳዩን እንዳይዘጉት፤ ዝናብ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ባደረገ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ያ ጅረት ደግሞ እየተቀባበለ ወደ አቃቂ ይደርሳል፤ በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

የሽምግልናውን ወረቀት በተመለከተ፣ አሁን እንዳለ አይፈርሙ። ሽማግሌ ማክበር መልካም ነው፤ ነዋሪዎቹም ንጹሕ ውኃ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ዛሬውኑ ያቅርቡላቸውና የርክክብ ሰነድ ይያዙ፤ ይህን ለማድረግ ስምምነት አያስፈልግም። ወረቀቱ ግን የሚያስረው የፈረሙትን ብቻ ነው። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 ሊመጣ የሚችለውንም ክስ ሽማግሌ አያስቀርም፤ ይልቁንም በእነዚህ ወረቀቶች መግቢያ ላይ በልማድ የሚገባው «በእኔ ጥፋት በደረሰው ጉዳት» የሚለው ሐረግ በፊርማዎ ተረጋግጦ በወንጀሉ መዝገብ ውስጥ ሊቀርብብዎ ይችላል። ጠበቃዎ ረቂቁን አስተካክሎ፣ ኩባንያውም ተካፋይ ሆኖ፣ የተበዳዮቹ ማንነትና የካሳው መጠን ተለይቶ ሲጻፍ መፈረም ይቻል ይሆናል።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የኪራይ ውሉን፣ የመድን ፖሊሲውን፣ ጉድለቱ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን የልኬት መዝገብና የነዳጅ ርክክብ ሰነዶች፣ የደመወዝ መክፈያውን፣ ከወረዳው የደረሰዎትን ደብዳቤ እንዲሁም አፈሩን የጫነውን ሾፌር ስምና ስልክ ይያዙ። ከመዝገቡ ላይ አንድም ገጽ አይቅደዱ፤ አንድም ቁጥር አያስተካክሉ።